ፈዘዝ ያለ ፒች ቀለም ለቤት ውስጥ ግድግዳ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ፈዘዝ ያለ ፒች የሚባለው የትኛው ነው?

ነጭ ቀለም ላይ ትንሽ ብርቱካናማና ትንሽ ሮዝ ገብቶበት የሚገኘው ነው። በዚህ ስም የሚሸጡት ግን ሁሉም አንድ ዓይነት አይደሉም። አንዳንዱ ወደ ሮዝ ያዘነብላል፣ አንዳንዱ ወደ ቢጫ፣ ሌላው ደግሞ አፈር አፈር ይላል። ለየብቻ ሲታዩ አንድ ይመስላሉ፤ ግድግዳ ላይ ሲወጡ ግን ጨርሶ አይገናኙም። ስለዚህ ካታሎግ ስታዩ መጀመሪያ ሦስቱን ጎን ለጎን አድርጋችሁ ወደየት እንደሚያዘነብሉ ለዩ።

ፓንቶን የተባለው የቀለም ድርጅት «ፒች ፈዝ» የሚለውን ቀለም የ2024 የዓመቱ ቀለም አድርጎ ከመረጠው ወዲህ ብዙ ሰው እሱኑ እየጠራ ይጠይቃል። ትራስና መጋረጃ ላይ ያምራል። አራቱም ግድግዳ ላይ ሲሆን ግን ለአብዛኛው ክፍል ይከብዳል። እዚህ የምናወራው ከእሱ ሁለት ሦስት ደረጃ ስለሚፈዝዘው ነው።

ካታሎግ ላይ ልስልስ ያለ ሆኖ የታየኝ ፒች ግድግዳው ላይ ብርቱካን የሚሆነው ለምንድን ነው?

ከሁሉ በላይ የሚጠየቀው ይህ ነው። ብዙ ሰው ቀለም ቀላቃዩን ይወቅሳል፤ አብዛኛውን ጊዜ ግን ጥፋቱ የእሱ አይደለም።

ብርሃን አንዱን ግድግዳ ሲመታ ቀለሙ ከውስጡ ጥቂት ሰማያዊ ይውጥና የቀረውን ይመልሳል። የተመለሰው ብርሃን ተሻግሮ ሌላውን ግድግዳ ይመታል፤ እዚያም እንደገና ትንሽ ሰማያዊ ይቀነስበታል። በዚህ ዓይነት በግድግዳዎቹ መካከል ሲመላለስ ቆይቶ ዓይናችሁ ዘንድ የሚደርሰው ብርሃን ከካታሎጉ ይልቅ ብርቱካናማ ነው። ነጭ ወይም ግራጫ የተቀባ ክፍል ውስጥ ይህ ብዙም አይታወቅም። ፒች ላይ ግን ወዲያው ያስታውቃል። ካላመናችሁ ፒች የተቀባ ክፍል ውስጥ ገብታችሁ ጥጉን ተመልከቱ፤ ሁለቱ ግድግዳዎች የሚገናኙበት ቦታ ከመሃሉ ይልቅ ደምቆ ይታያል።

በዚህ ላይ የስፋቱ ነገር አለ። አንድ ቀለም በጣት በምትያዝ ቁራጭ ላይ ሲታይና ሙሉ ግድግዳ ሸፍኖ ሲታይ እኩል አይደለም፤ በሰፊው ሲሆን ይደምቃል፣ ይበረታል።

እንግዲህ ምን ይደረግ? ካታሎጉ ላይ «ይሄማ ምን ቀለም አለው» የሚያሰኘውን፣ ነጭ ለመባል ትንሽ የቀረውን ምረጡ። ከወደዳችሁት ቢያንስ አንድ ደረጃ ወደ ነጩ ጠጋ በሉ። ወይም ደግሞ ውስጡ ትንሽ ግራጫ ወይም ቡኒ ያለበትን፣ ቁራጩ ላይ ሲታይ ደፍረስ ያለ የሚመስለውን ውሰዱ። ግድግዳው ራሱ ያነሳዋል፤ ያ ድፍርስ የሚመስለው ክፍሉ ውስጥ ሲገባ ጥርት ያለ ፒች ይሆናል። ቁራጩ ላይ ጥርት ያለ ፒች የነበረው ደግሞ ግድግዳው ላይ ይጮሃል።

ብዙ አምራቾች ከቀለሙ ስም ጎን የብርሃን ነጸብራቅ መጠን ይጽፋሉ። ልኩ ከ0 እስከ 100 ነው፤ 0 ጥቁር፣ 100 ነጭ። ሙሉ ክፍል ለመቀባት ካሰባችሁ ከ65 በታች ባትወርዱ እመርጣለሁ።

ታዲያ ናሙናውን በምን መንገድ ልሞክረው?

ትንሿን የናሙና ቆርቆሮ ግዙ፤ ግን ግድግዳው ላይ አትቀቡት። ዙሪያውን ያለው አሮጌ ቀለም ዓይን ያታልላል። ለምሳሌ ግድግዳችሁ አሁን ሰማያዊ ከሆነ መሃሉ ላይ የተቀባ ማንኛውም ፒች ከልኩ በላይ ብርቱካናማ ሆኖ ነው የሚታየው። የናሙናው ጠርዝም በኋላ ዋናው ቀለም ሲቀባ ከሥር አብጦ ሊታይ ይችላል።

ሰፋ ያለ ነጭ ካርቶን ውሰዱና ሁለት እጅ ቀቡት። አብዛኛው ውሃ የሚቀጥነው ቀለም እርጥብ እያለ ነጣ ብሎ ይታይና ሲደርቅ ስለሚጠቁር ሙሉ በሙሉ እስኪደርቅ አትፍረዱበት። ከደረቀ በኋላ ካርቶኑን መሃል ለመሃል፣ የተቀባውን ፊት ወደ ውስጥ አድርጋችሁ አጥፉትና እንደ ተከፈተ መጽሐፍ አቁሙት። አሁን ወደ እጥፋቱ ተመልከቱ። ሁለቱ ገጾች ብርሃን ስለሚቀባበሉ እጥፋቱ አካባቢ ያለው ቀለም ከዳር ካለው ይደምቃል። ክፍሉን ቀብታችሁ ስትጨርሱ የምታገኙት ወደዚያ የቀረበውን ነው። እጥፋቱ ከበዛባችሁ ቀለሙ በዝቷል ማለት ነው።

ካርቶኑን መስኮት አጠገብ፣ ከመስኮቱ በጣም ርቆ ባለው ጥግ፣ ወለሉ ላይ ጠጋ አድርጋችሁ፣ ከሶፋው ጀርባ እየቀያየራችሁ እዩት። ጠዋት፣ ቀትር ላይ፣ ሲመሽ መብራት አብርታችሁ። በስልክ ያነሳችሁትን ፎቶ አይታችሁ ግን አትወስኑ፤ የስልክ ካሜራ ቀለሙን በራሱ ፈቃድ ያስተካክለዋል፣ ፒችን ደግሞ አንዳንዴ ጭራሽ ክሬም ያደርገዋል።

የክፍሉ አቅጣጫ ለውጥ ያመጣል?

በጣም። ከምድር ወገብ በስተሰሜን ባሉ አገሮች ወደ ሰሜን የዞረ መስኮት ቀጥታ ፀሐይ እምብዛም አያገኝም፤ የሚገባው ብርሃን ሰማያዊነት ያለው ነው። እንዲህ ባለ ክፍል ውስጥ ወደ ሮዝ የሚያዘነብል ፒች ይገረጣል፣ የታመመ ይመስላል። ወደ ቢጫ የሚያዘነብለው ይሻላል። ወደ ደቡብ ለዞረ ክፍል ተቃራኒው ነው፤ ብርሃኑ ራሱ ሞቅ ያለ ስለሆነ እጅግ የፈዘዘው ይበቃል። ከምድር ወገብ በስተደቡብ ሁለቱ ቦታ ይቀያየራሉ። ምድር ወገብ አቅራቢያ ደግሞ ፀሐይዋ በዓመቱ ውስጥ በሁለቱም ወገን ስለምትመላለስ ከሰሜንና ደቡብ ይልቅ ምሥራቅና ምዕራቡ ነው የሚያሳስበው።

ምዕራብ የሚያይ ክፍል ልዩ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ጠዋት ጭር ያለ ነው፤ አሥር ሰዓት ካለፈ በኋላ ግን የምትጠልቀው ፀሐይ ራሷ ብርቱካናማ ስለሆነች ግድግዳው ይቀጣጠላል። ይህን የሚወድ አለ። ለማይወድ ሰው ግን ምሽቱን የሚያሳልፍበትን ክፍል ከመቀባቱ በፊት ካርቶኑን በዚያ ሰዓት ማየት ግድ ነው።

አምፖሉስ?

አምፖል ማሸጊያው ላይ የብርሃኑ ቀለም በኬልቪን ይጻፋል። 2700 ወይም 3000 የሚለው ቢጫ ብርሃን ሲሆን ፒችን ያሞቀዋል፤ ለሳሎንና ለመኝታ ቤት እሱ ይስማማል። 4000 ገደማ ሲሆን ቀለሙ ቀን ከሚታየው ብዙ አይርቅም። 6500 የሚለው ነጭ አምፖል ግን ፒችን ይገድለዋል፤ ሮዙ ይጠፋና አመድማ ነገር ይቀራል። «ቀለሙ ማታ ያስጠላል» ብለው እንደገና ለማስቀባት የሚያስቡ ሰዎች መጀመሪያ አምፖል ቢቀይሩ ብዙዎቹ ወጪው ይቀርላቸዋል።

ሌላ የሚታይ ቁጥር አለ፦ ቀለምን በትክክል የማሳየት መለኪያ። ከ100 ነው የሚታሰበው፤ 90 እና ከዚያ በላይ የሆነውን አምፖል ብትይዙ ቀያይና ብርቱካናማ ቀለሞች በደንብ ይወጣሉ። አንድ ክፍል ውስጥ ቢጫና ነጭ አምፖል መቀላቀልስ? አይሆንም። የግድግዳው አንዱ ወገን ሌላ ቀለም የተቀባ ይመስላል።

ለየትኛው ክፍል ይሻላል?

መኝታ ቤትና ኮሪደር ላይ አያሳፍርም። በተለይ መስኮት የሌለው ኮሪደር ነጭ ሲቀባ ግራጫ ይመስላል፤ ፒች ግን በአምፖል ብርሃንም ሙቀቱን ይይዛል። መስታወት ያለበት መታጠቢያ ቤትም ጥሩ ነው፤ ከግድግዳው የሚመለሰው ብርሃን ፊትን ደስ የሚል መልክ ይሰጠዋል።

ያው ብርሃን ግን ቀለም በትክክል መለየት የሚጠይቅ ሥራ ያበላሻል። ልብስ የምትሰፉበት፣ ሥዕል የምትሥሉበት፣ ፎቶ የምታርሙበት ክፍል ከሆነ ፒች ተዉት፤ ነጭ ወይም ቀለም የለሽ ግራጫ ይሁን።

ከምን ቀለም ጋር ይሄዳል?

በቀለማት ክብ ላይ ከብርቱካናማ ፊት ለፊት ያለው ሰማያዊ ነው፤ ስለዚህ ፒችን ከሁሉ አብልጦ የሚያወጣው ሰማያዊ ነው። ደማቅ ሰማያዊ ግን አይደለም። ጥቁር ሰማያዊ ሶፋ፣ ወይም ወደ አረንጓዴ ያዘነበለ ደብዛዛ ሰማያዊ ምንጣፍ ይበቃል። አመድማ አረንጓዴ ደግሞ የማያሳስት ምርጫ ነው፤ መጋረጃም አልጋ ልብስም ላይ ይሠራል። ጠቆር ያለ ቡኒ ፒችን ከልጅነት ያወጣዋል። ጥቁር በጥቂቱ፣ ለምሳሌ የፎቶ ክፈፍ ወይም የመብራት ዘንግ ላይ ሲገባ ክፍሉ መስመር ይይዛል። ጥቂት ጥቁር የሌለበት ፒች ክፍል ሲያዩት ይፈስሳል።

ችግር የሚፈጥረው ግራጫ ነው። ብዙ ቤት ግራጫ ሶፋና ግራጫ ሰራሚክ አለው፤ ሰው ደግሞ ግራጫ ከሁሉም ጋር ይስማማል ብሎ ያምናል። ቀዝቃዛ ግራጫ ከፒች ጎን ሲቀመጥ ግን ግራጫው ሰማያዊ ይመስላል፣ ፒቹ ደግሞ ሮዝነቱ ይብሳል፤ እርስ በርስ ይጋለጣሉ። ሶፋውን መቀየር ካልቻላችሁ በመሃላቸው ሌላ ነገር አስገቡ፦ ቢዥ ምንጣፍ፣ የእንጨት ጠረጴዛ፣ ትራሶቹ ላይ ጥቂት ቡኒ። ግድግዳውንም አፈርማ ከሆነው ፒች ምረጡ።

ብረታ ብረት ላይ ነሐስማና ወርቅማ መልክ ያለው ከሚያብረቀርቀው ነጭ ብረት ይሻላል። ደማቅ ቀይና ሎሚ ቢጫ ግን አጠገቡ አይምጡ።

ኮርኒሱና የበሩ ክፈፍ ነጭ ይሁን?

ነጭ ይሁን፤ የትኛው ነጭ የሚለው ነው ጉዳዩ። ሰማያዊነት ያለው ድርቅ ያለ ነጭ ፒቹን የቆሸሸ ያስመስለዋል። ክሬምነት ያለውን ነጭ ያዙ።

ለኮርኒስ አንድ ቀላል ዘዴ አለ፦ አንድ ስፍር የግድግዳውን ቀለም ከሦስት ስፍር ነጭ ጋር፣ ዓይነታቸው አንድ ከሆነ፣ ቀላቅሎ መቀባት። ነጭ ነው የሚመስለው፤ ግድግዳውን ግን አይቆርጠውም። ኮርኒሱ ዝቅ ያለ ክፍል ላይ ደግሞ ግድግዳውንም ኮርኒሱንም በአንድ ቀለም መቀባት ይቻላል፤ መገናኛ መስመሩ ሲጠፋ ከፍታው የት እንደሚያበቃ ዓይን አይለይም።

ወለሌ ቢጫማ እንጨት ነው፣ በሮቹም እንደዚያው። ችግር አለው?

አለው። በቫርኒሽ የተለበጠ ብርቱካናማ እንጨትና ፒች ግድግዳ አንድ ላይ ሲሆኑ ተቀላቅለው ይጠፋሉ፤ ክፍሉ በሙሉ አንድ ቀለም ይሆናል። በዚያ ላይ ፀሐይ ወለሉ ላይ ሲያርፍ የሚነሳው ብርሃን የግድግዳውን የታችኛውን ግማሽ ይበልጥ ያቀላዋል። መውጫው እጅግ የፈዘዘውን መምረጥ፣ ዞኮሎውን ነጭ አድርጎ በወለሉና በግድግዳው መሃል ድንበር ማበጀት፣ ሰፋ ያለ ምንጣፍ መዘርጋት ነው። ጥቁር ቡኒ እንጨት ላለው ሰው ግን ይህ ሁሉ ጣጣ የለበትም።

አንድ ግድግዳ ብቻ ፒች፣ ሦስቱ ነጭ ቢሆኑስ?

አልመክርም። ፈዘዝ ያለ ፒች ከነጭ ጎን ብቻውን ሲቆም ሆን ተብሎ የተቀባ ሳይሆን ቀለም አልቆበት የቀረ ይመስላል። አንድ ግድግዳ ብቻ መቀባት ካሰኛችሁ ደመቅ ያለውን ውሰዱ።

የሴት ልጅ ክፍል አያስመስለውም?

ሊያስመስለው ይችላል፤ የሚወስነው ግን ግድግዳው ሳይሆን ሌላው ዕቃ ነው። ሮዝ የሚያመዝንበት ፒች፣ ነጭ የቤት ዕቃ፣ ዳንቴል መጋረጃ፣ አበባ ያለበት አልጋ ልብስ አንድ ላይ ሲሰበሰቡ ያው የሕፃን ክፍል ነው። አፈርማ ፒች ከጥቁር ቡኒ እንጨት፣ ከቆዳ ወንበር፣ ቀጥ ካሉ ጥቁር መስመሮችና ከወፍራም የተልባ እግር ጨርቅ ጋር ሲሆን ማንም እንደዚያ አይለውም።

የማያብለጨልጨው ይሻላል ወይስ የሚያብለጨልጨው?

ለሳሎንና ለመኝታ ቤት የማያብለጨልጨው፣ ማት የሚባለው። ብርሃን ስለሚበትን የልስኑን ጉድለት ይሸፍናል፣ ፒቹንም ያለሰልሰዋል። ጉድለቱ መታሸት አለመቻሉ ነው፤ እጅ የሚበዛበትን ቦታ በእርጥብ ጨርቅ ደጋግማችሁ ካሻችሁት እዚያው ላይ ብቻ ማብለጭለጭ ይጀምራል። ለኮሪደር፣ ለወጥ ቤትና ለልጆች ክፍል መጠነኛ ማብለጭለጭ ያለው፣ ሳቲን የሚባለው ይሁን። አንድ ዓይነት ቅልቅል በሚያብለጨልጭ ቀለም ሲሠራ ደመቅ ብሎ ስለሚታይ ናሙናውን በምትቀቡበት ዓይነት ሞክሩት። መታጠቢያ ቤት ሻጋታ የሚከላከል ቀለም ይፈልጋል፤ አየር ማስወጫ ከሌለ ግን እሱም ብቻውን አያድነውም።

ስንት ሊትር ልግዛ?

የቤት ውስጥ ቀለም በአንድ ሊትር ከ10 እስከ 12 ካሬ ሜትር ገደማ አንድ እጅ ይሸፍናል፤ ቆርቆሮው ላይ የተጻፈውን ተከተሉ። 4 ሜትር በ3.5 ሜትር የሆነ፣ 2.7 ሜትር ከፍታ ያለው ክፍል እንውሰድ። ዙሪያው 15 ሜትር ነው፤ በከፍታው ሲባዛ 40.5 ካሬ። በሩና መስኮቱ ሲቀነስ 37 ካሬ ገደማ ይቀራል። ሁለት እጅ ሲሆን 74 ካሬ፤ በ10 ስናካፍለው 7.4 ሊትር። 8 ሊትር ያዙ።

ከአንድ በላይ ቆርቆሮ ከገዛችሁ ሁሉንም ከመጀመራችሁ በፊት ትልቅ ባልዲ ውስጥ አንድ ላይ ቀላቅሏቸው። የተለያየ ጊዜ የተቀላቀለ ፒች በጥቂቱ ይለያያል፤ ግድግዳው መሃል ላይ ቆርቆሮ ስትቀይሩ ያን ጊዜ ነው የሚታወቀው።

አዲስ ልስን ወይም ደማቅ አሮጌ ቀለም ላይ ቀጥታ መቀባት ይቻላል?

አይቻልም። አዲስ የሲሚንቶ ልስን ውስጡ እርጥበትም አልካሊም አለ። አልካሊው አንዳንድ ቀይና ቢጫ ማቅለሚያዎችን ያቃጥላል፤ ፒቹ ቦታ ቦታ ነጥቶ የሚወጣው በዚህ ነው። 28 ቀን ያህል ይድረቅ፣ ከዚያም አልካሊ የሚቋቋም ፕራይመር፣ ማለትም ከዋናው ቀለም በፊት የሚቀባው፣ ይቅደም። አሮጌው ቀለም ደማቅ ወይም ጥቁር ከሆነም ነጭ ፕራይመር ይቅደም፤ ፈዘዝ ያለ ቀለም ከሥሩ ያለውን የመደበቅ አቅሙ ትንሽ ነው። በጣም አሮጌ ቤት ከሆነ የድሮው ቀለም እርሳስ ሊኖረው ስለሚችል ሳይመረመር በብርጭቆ ወረቀት አትፋቁት።

ፀሐይ ያስለቅቀዋል?

በማቅለሚያው ይወሰናል። ከብረት ኦክሳይድ የሚሠሩት ቀይና ቢጫ ማቅለሚያዎች ፀሐይ በደንብ ይችላሉ፤ አፈርማው ፒች የሚሠራው ባብዛኛው በእነሱ ነው። ጥርት ያለ ደማቅ ብርቱካን የሚሰጡት ኦርጋኒክ ማቅለሚያዎች መካከል ግን የሚለቁ አሉ። ቀኑን ሙሉ ፀሐይ የሚመታው ግድግዳ ካላችሁ ቀላቃዩን በምን እንደሚሠራው ጠይቁት።

ከጊዜ በኋላ የተቧጨረውን ቦታ ብቻ ብነካካውስ?

ማት ከሆነና ዓመት ካልሞላው ያልፋል፤ ትንሽ ቀለም በጥቂት ውሃ አቅጥናችሁ፣ መጀመሪያ በተቀባበት መሣሪያ፣ በሩሎ ከሆነ በትንሿ ሩሎ፣ ጠርዙን እያሳሳችሁ ንኩት። በብሩሽ የተነካ የሩሎ ግድግዳ ከሩቅ ያስታውቃል። የሚያብለጨልጭ ቀለም ወይም ፀሐይ ያገኘው ግድግዳ ላይ መነካካት አይሠራም፤ ያን ግድግዳ ከጥግ እስከ ጥግ እንደገና መቀባት ነው። ለዚህ የሚሆን ቢያንስ አንድ ሊትር አስቀሩ፣ ክዳኑን አጥብቃችሁ ሙቀት ከማያገኘው ቦታ አኑሩት፣ የቆርቆሮውን የቅልቅል ወረቀት ደግሞ ሳይጠፋ በስልካችሁ ፎቶ አንሱት።